የስጋት መጠየቂያ ቅጾች ሲወዳደሩ፦ በአእምሮ ሕክምና ዋርድ የትኛውን እንያዝ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ከፎገራ በኩል የመጣ ታካሚ አሁን አልጋ ይዟል። ወንድሙ ጋቢውን ተከናንቦ ከአልጋው ሥር ጋደም ብሏል። ተረኛው እኔ ብቻ ነኝ። ፎልደሩን ስከፍት «ራስን የማጥፋት ስጋት መጠየቂያ» የሚል ወረቀት ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ ከሥልጠና የመጣ ነው፤ አንዱን ለመመረቂያ ጥናት መረጃ ሲሰበስቡ የነበሩ ልጆች ትተውት ሄደዋል፤ አንዱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ግማሽ ፊደሉ ተበልቷል። የትኛውን ልሙላ?

ከላይ ያለውን ሞላሁ። ከላይ ስለነበረ ብቻ።

ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ መጥቶብኛል። ባልደረቦቼም ይጠይቁኛል፤ በተለይ «አንድ ወጥ ቅጽ ምረጡልን» የተባሉ የዋርድ ኃላፊዎች። ስለዚህ የማውቃቸውን አንድ በአንድ ላስቀምጥ። አንዱንም ለማሞገስ አይደለም፤ ሁሉም ጉድለት አለበት።

ከመቀጠሌ በፊት፦ ይህን የምታነቡት ስለ ራሳችሁ ተጨንቃችሁ ከሆነ ንጽጽሩን ተዉት። ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፤ አብሯችሁም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይምጣ። ባሕር ዳር ላላችሁ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሌሊት ይቀበላሉ። ሰው ሳያስቸግሩ መንጋትን መጠበቅ አያስፈልግም።

መጀመሪያ መራራው

ማን ራሱን እንደሚያጠፋ የሚናገር ቅጽ የለም። ይህን ሳንቀበል የትኛውንም ብንመርጥ እንሳሳታለን።

አሌክስ ፖኮርኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሳይካትሪ ዋርድ ተኝተው የታከሙ 4,800 የቀድሞ ወታደሮችን ለዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ከእነዚህ 67ቱ በክትትሉ ጊዜ ሕይወታቸውን አጠፉ። ፖኮርኒ በእጁ ያለውን መረጃ ሁሉ ደምሮ ከ800 የሚበልጡ ሰዎችን «ስጋታቸው ከፍተኛ ነው» ብሎ ለይቶ ነበር። ከሞቱት ውስጥ በዚያ ዝርዝር የነበሩት ግን 30 ብቻ ናቸው። የቀሩት 37ቱ የወጡት «ብዙም አያሰጉም» ከተባሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የ50 ዓመት ሥራ፣ 365 ጥናት አንድ ላይ ተመዝኖ ትንበያችን ከዕጣ እምብዛም እንደማይሻል ታየ።

የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ለመተንበይ ብላችሁ ነጥብ የሚደምር ቅጽ አትጠቀሙ፤ ሰውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብላችሁ አትመድቡ፤ ማን ሕክምና ይገባዋል የሚለውንም በነጥብ አትወስኑ።

ታዲያ ቅጹ ምን ሊሠራ ነው? እኔ ሦስት ጥቅም አይቼለታለሁ። ተረኛው ቢደክመውም ቢያፍርም ጥያቄውን ዘሎ እንዳያልፍ ይይዘዋል። የማታውና የጠዋቱ ተረኛ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ያደርጋል። ከመልሱ በኋላ ምን እንደሚደረግም ያስታውሳል። ሦስቱን የሚሠራ ቅጽ ጥሩ ነው። ነጥብ ብቻ አስደምሮ የሚተወን ግን ወረቀት ማባከን ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ቀዳሚው ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቅጾቹ ሁሉ በሌላ ቋንቋ ታስበው የመጡ ናቸው። አማርኛችን ሞትን እንደ ጨው በየወሬው ይነሰንሳል። እናት ልጇን «አፈር ስሆን ቅመሺ» ትላለች። ጓደኛ ለጓደኛው «እኔ ልሙት» ብሎ ይምላል። ዕቃ ረስቶ የተመለሰ «ሞት ይርሳኝ» ይላል። ስለዚህ «ሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጤነኛው አስታማሚም «ታዲያስ! የዘንድሮ ኑሮ…» ብሎ አዎ ሊል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «እንዴት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን»። አንዱ ጥያቄ ሁሉንም ያስገባል፣ ሌላው ሁሉንም ያስመልጣል።

አጠራሩም አለ። አብዛኛው ትርጉም በ«አንተ» የተጻፈ ነው። ከገጠር የመጡ መሪጌታን «አንተ ራስህን…» ብሎ መጀመር በሩን ከመጀመሪያው መዝጋት ነው። ቅጹ ቢያንስ በእርስዎ መታተም አለበት፤ በአንቱ ለሚነጋገር ደግሞ ጠያቂው ራሱ ይለውጠው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። ለ30 አልጋ ሁለት ነርስ ባለበት ሌሊት የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ማንም አይሠራም፤ ይሞላል እንጂ አይጠየቅም። ሦስተኛ፣ ለውጥን ያያል ወይ? የተኛ ሰው ሁኔታ ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል። አራተኛ፣ ለሳይኮሲስ ይሆናል ወይ? እኛ ጋ ከሚተኙት ብዙዎቹ ድምፅ የሚሰማቸውና የሚጠረጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቅጾች ግን የተሠሩት ድባቴን እያሰቡ ነው። አምስተኛ፣ ዋጋና ፈቃድ። ስድስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ከመልሱ በኋላ ምን ያስደርጋል?

ያለ ቅጽ፣ በልምድ ብቻ

ይህም አማራጭ ነው፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ያለው እሱ ነው። ጥቅሙን ላለመካድ አንድ ታሪክ።

ከሐይቁ ዳር የመጡ ቡና አምራች አዛውንት ተኝተው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ አባባ?» እላቸዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል፤ እኔም ቻርቱ ላይ «ስጋት የለም» ብዬ እፈርማለሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ነባር ሲስተር ዱካ ጎትታ ከእሳቸው ዓይን ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሌሊቱ እንዴት ይነጋልዎታል?» አለቻቸው። መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ብዙ ቆዩ። ከዚያ «አይነጋም እኮ ልጄ» አሉ። ከእኔ ሦስት ቀን የደበቁትን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነገሯት። ሕክምናቸው ተስተካክሎ፣ ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ግን ያንን ፊርማዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ልምድ ይህን ያህል ይችላል። ችግሩ ሲስተሯ ሁልጊዜ ተረኛ አይደለችም። በልምድ ብቻ የሚሠራ ዋርድ የታካሚውን ዕድል ለተረኛ ፕሮግራም አሳልፎ ይሰጣል፤ የጠየቀችውም በቃል ስለሚቀር የሚቀጥለው ተረኛ ከዜሮ ይጀምራል።

ሳድ ፐርሰንስ

ያ የተበላው ፎቶ ኮፒ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ፣ አሥር ነጥብ ያለው፣ ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆን የተሠራ። ስሙ ከአሥሩ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል የተገጣጠመ ስለሆነ በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ፊደሎቹ አይገጥሙም፣ ስለዚህ ያ ጥቅሙም የለም።

ዋናው ጉድለቱ ሌላ ነው። ወንድ መሆን አንድ ነጥብ፣ ዕድሜ አንድ ነጥብ፣ የትዳር ጓደኛ አለመኖር አንድ ነጥብ። ሲገባ ወንድ የነበረ ሰው ሲወጣም ወንድ ነው! ነጥቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምን እንደሆነ ምንም አይለኝም። ደግሞ 25 ዓመት የሆናት፣ ያገባች፣ ከቤተሰብ ጋር የምትኖር፣ አካሏ ጤነኛ የሆነ እናት ውስጧ ምንም ቢሆን ከእነዚህ አንዱንም ነጥብ አታገኝም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም እውነተኛ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ብዙ ሰዎች እንደሚያመልጥ አሳይተዋል። ተማሪ እያስተማራችሁ ከሆነ ለውይይት መነሻ ይሁን። ቻርት ውስጥ ግን አውጡት።

ፒኤችኪው-9

የድባቴ መጠየቂያ ነው፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ብቻ ነው ስለ ራስን መጉዳት የሚያነሣው። ነጻ ነው፣ አጭር ነው፣ አማርኛውም አዲስ አበባ ውስጥ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ዘጠነኛው ጥያቄ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስራል፦ ብሞት ይሻለኝ ነበር የሚለውንና ራስን የመጉዳት ሐሳብን። «አዎ» ሲላችሁ ለየትኛው እንደሆነ አታውቁም። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ስለሚጠይቅም የዛሬውን ሌሊት አይነግራችሁም። ለተመላላሽ ክፍል ወይም ለውስጥ ደዌ ዋርድ እስማማለሁ። ለእኛ ዋርድ በር ማንኳኪያ እንጂ መግቢያ አይደለም።

ኮሎምቢያ

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ ሁላችንም ኮሎምቢያ እንለዋለን። ኬሊ ፖስነርና ባልደረቦቿ ናቸው የሠሩት፤ የፍተሻ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። አጭሩ ቅጂ ስድስት ጥያቄ ነው። ነጻ ነው። ለመጠየቅም የሳይካትሪ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ መሠልጠን እንጂ።

የምወደው አካሄዱን ነው። ከቀላሉ ይጀምራል፦ ተኝቶ አለመንቃትን መመኘት። ከዚያ የማጥፋት ሐሳብ። ለሁለተኛው ጥያቄ አዎ ካለ ስለ መንገዱ ማሰቡን፣ ቁርጠኝነቱንና ዕቅዱን ይጠይቃል፤ የለም ካለ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ይዘላል። መጨረሻው ድርጊት ነው፦ በሕይወት ዘመንም ባለፉት ሦስት ወራትም ያደረገው ወይም የጀመረው ነገር አለ ወይ? ምኞትን፣ ሐሳብን፣ ዕቅድንና ድርጊትን ለየብቻ ማስቀመጡ ለርክክብ በጣም ይመቻል። «ካለፈው ጥያቄ ወዲህ» የሚል ቅጂም አለው፤ ለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው፣ ምክንያቱም የዛሬ ዓመቱን ታሪክ በየማታው መድገም ለማንም አይጠቅምም።

ወጥመዱ አማርኛው ነው። ያገኛችሁትን ትርጉም ሁሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ «ሞትን ተመኝተው…» ብዬ አልጀምርም። «ተኝቼ በዚያው በቀረሁ ያሉበት ጊዜ አለ?» እላለሁ፤ ይህን ሰው በቀልድ አይመልሰውም። ሁለተኛውን ግን አልሸፋፍነውም፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ነው ጥያቄው። አንዳንድ ባልደረባ «ሐሳቡን እንሰጠዋለን» ብሎ ይፈራል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ግን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው፤ አብዛኛው ሰው እንዲያውም ይተነፍሳል። በሁለቱ መካከል «አምላክ ይውሰደኝ» የሚል መልስ ብዙ ታገኛላችሁ። ያኔ «እሱ ይውሰደኝ ነው የሚሉት ወይስ እኔው ላድርገው ብለውም ያውቃሉ?» ብላችሁ ለዩት።

ጉድለቱስ? ስለሚሰማ ድምፅ አይጠይቅም። ስለዚህ እኛ ከታች በእጅ አንድ መስመር ጨምረናል፦ «ድምፅ ይሰማዎታል? ምን ይልዎታል? ራስዎን እንዲጎዱ ያዝዎታል?» ሌላው ጉድለት ሰዎች የሚለጥፉበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ነው። አረንጓዴ ያየ ተረኛ ይዝናናል፤ ፖኮርኒ ያየውን አትርሱ።

ኤኤስኪው

የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሰዎች ለወጣቶች የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። አራት ጥያቄ ነው፤ ከአራቱ አንዱን አዎ ካለ «አሁን፣ በዚህ ሰዓት?» የሚል አምስተኛ ይከተላል። ከደቂቃ በታች ያልቃል። ነጻ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «እኔ ባልኖር ቤተሰቤ ይሻለው ነበር» የሚለውን ስሜት ነው የሚነካው፤ ይህ እኛ ጋ በጣም ይሠራል፤ «ሸክም ሆንኩባቸው» የሚለውን ቃል ከታማሚ አፍ ያልሰማ ነርስ ያለ አይመስለኝም። ለድንገተኛ ክፍልና ለታዳጊዎች አንደኛ ምርጫዬ ነው። ተኝቶ ለሚታከም ግን በቂ አይደለም።

የቤክ መለኪያዎች

የተስፋ ማጣት መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚባልባቸው 20 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ከሐዘን ይልቅ ተስፋ ማጣት ነው የሚያሰጋው ይላል። ግን የባለቤትነት መብት ስላለው በክፍያ ነው፤ ደግሞም ራሱ አንብቦ ለሚሞላ ሰው የተሠራ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ታካሚ 20 ዓረፍተ ነገር እያነበቡ «እውነት? ሐሰት?» ማለት እንደ ፍርድ ቤት ይሆናል። ለምርምር ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ

እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2016 የታደሰ መመሪያ ነው፤ ራስን ስለመጉዳት የራሱ ምዕራፍ አለው። ነጥብ የለውም፤ «ይህን ካየህ ይህን አድርግ» እያለ ይወስዳል። የተጻፈው ስፔሻሊስት ለሌለበት ጤና ጣቢያ ስለሆነ ለእኛ ዋርድ ትንሽ ይጠብባል። ጥቅሙ ታካሚው ወደ መርዓዊ ወይም ወደ ሐሙሲት ሲመለስ ነው፤ እዚያ ያለው ባለሙያ የሠለጠነው በዚህ ከሆነ የመልስ ደብዳቤያችሁን በዚሁ ቋንቋ ጻፉለት።

የደኅንነት ዕቅድ

መጠየቂያ አይደለም፤ ከመጠየቂያው በኋላ የሚመጣው ነው። ግን ከንጽጽሩ ላወጣው አልፈለግሁም፣ ምክንያቱም ጊዜ ለአንድ ነገር ብቻ ካላችሁ ለዚህ ስጡት እላለሁ። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የሠሩት ባለ ስድስት ደረጃ ገጽ ነው፦ ሲብስብኝ ምን ምልክት አያለሁ፤ ብቻዬን ምን ያረጋጋኛል፤ ሐሳቤን የሚያስቀይር ሰውና ቦታ የት አለ፤ ለማን እነግራለሁ፤ የትኛው ባለሙያ ጋ እሄዳለሁ፤ ቤቴን እንዴት ከአደገኛ ነገር አጸዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ይህንን ዕቅድና የስልክ ክትትል ያገኙ ሰዎችን ካላገኙት ጋር አወዳድሮ፣ በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ድርጊት በ45 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል።

እኛ ጋ ሲሠራ መልኩ ይቀየራል። አንድ ወጣት የሚያረጋጋውን ስንጠይቀው «ጣና ዳር ብቻዬን መቀመጥ» አለ። «ብቻዬን» የምትለዋን ሰርዘን «ከአጎቴ ጋር» ብለን ጻፍን፤ አጎቱንም ጠርተን አስማማን። ማንበብ ለማይችል አስታማሚው በቃሉ ይይዛል፤ ስልክ ቁጥሩን በትልቁ እንጽፋለን። ስድስተኛውን ደረጃ ከቤተሰብ ጋር ነው የምንሠራው፤ ገበሬ ቤት ከሆነ የእርሻ ኬሚካል ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ፣ መድኃኒቱም በአስታማሚ እጅ ይሁን፣ በአንዴ የብዙ ወር አይሰጥ። ጸበል ሊሄድ ካሰበም አንከለክልም፤ «መድኃኒቱን ይዘህ፣ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ?» ብለን ዕቅዱ ውስጥ እንጽፋለን። ከከለከልን ይሄዳል፣ እኛም አናውቅም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ጊዜ | አማርኛው ላይ | የዕለት ለውጥ ያያል? | ክፍያ | የሚሆነው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| በልምድ ብቻ | እንደ ሰው | ችግር የለም | እንደ ተረኛው | የለም | ከቅጽ ጋር ተጨማሪ |
| ሳድ ፐርሰንስ | 3 ደቂቃ ገደማ | ፊደሉ አይገጥምም | እምብዛም | የለም | ማስተማሪያ |
| ፒኤችኪው-9 | 5 ደቂቃ ገደማ | ተፈትሿል | በሁለት ሳምንት | የለም | ተመላላሽ |
| ኮሎምቢያ አጭሩ | ከ3 እስከ 10 ደቂቃ | የመጀመሪያው ጥያቄ ይስተካከል | አዎ | የለም | የተኛ ታካሚ |
| ኤኤስኪው | ከደቂቃ በታች | ቀላል | «አሁን» ይላል | የለም | ድንገተኛ፣ ታዳጊ |
| የቤክ ተስፋ ማጣት | 10 ደቂቃ ገደማ | ንባብ ይፈልጋል | በከፊል | አለ | ምርምር |
| ኤምኤችጋፕ | እንደ ሁኔታው | ለጤና ጣቢያ የታሰበ | በከፊል | የለም | ጤና ጣቢያ፣ መልስ ደብዳቤ |
| የደኅንነት ዕቅድ | ግማሽ ሰዓት ገደማ | በታካሚው ቃል | ይከለሳል | የለም | ከመውጣት በፊት |

ማን የቱን ይያዝ?

ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ተረኛ፦ አጭሩ ኮሎምቢያና የድምፅ ጥያቄው፣ በቃ። ሌላ ወረቀት አትጨምሩበት። ሳይካትሪስት ላለበት ዋርድ ይኸው ኮሎምቢያ ለመግቢያ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ውይይት፣ ከመውጣት በፊት የደኅንነት ዕቅድ። የ15 ዓመት ልጅ ከመጣ በኤኤስኪው ጀምሩ። ሕፃን አዝላ ለመጣች እናት የትኛውንም ብትይዙ ስለ ሕፃኑም ጠይቁ፤ ቅጾቹ አይጠይቁም።

በጀት ላልተመደበለት፦ ነጻዎቹ ይበቃሉ፤ የሚያስወጣችሁ ወረቀትና ቀለም ነው። ትንሽ ገንዘብ ከተገኘ የሚከፈልበት ቅጽ አትግዙ። ግማሽ ቀን ሥልጠና አድርጉበት፤ ሰው ጥያቄውን ጮክ ብሎ መናገር ይለማመድ፣ ያፍራል መቼም መጀመሪያ ላይ። የቀረውን የስልክ ካርድ ግዙበት። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሦስት ወራት ስጋቱ ከሁሉ የሚከፋበት ጊዜ ነው፤ እኛ ግን «ከወር በኋላ ተመለስ» እንላለን። ከደራ ለሚመጣ ሰው በሳምንቱ መመለስ የመኪና ዋጋ ነው። በሦስተኛው ቀን «እንዴት ነው፣ ሌሊቱ ይነጋል?» ብሎ መደወል ግን ጥቂት ብር ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር አይቀየርም።

አንደኛው፣ አስታማሚው ውጭ ይቆይ። አስታማሚ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ የሌላ አገር ዋርድ በክፍያ የሚያገኘውን ዓይን እኛ በነጻ አለን። ግን እናቱ አጠገቡ ቆማ «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ቢሉት ማን አዎ ይላል? ኃጢአቱን ይፈራል፣ የቤተሰቡን ስም ይፈራል፣ ፖሊስ ይመጣል ብሎም ይፈራል። የመጨረሻውን እንኳ እናቅልለት፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ለዚህ የገፋፋን ወይም የረዳን እንጂ የሞከረውን ታካሚ አይደለም። መጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ አስታማሚውን ለብቻው ጠይቁ። ራሱን የጎዳ ሰው ካለም «ለመሞት ነበር ወይስ ጭንቀቱ እንዲቀልልህ?» ብላችሁ ለዩት፤ ሁለቱም እርዳታ ይፈልጋሉ፣ እርዳታው ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ድጋሚ መጠየቅ። በገባ ቀን ተሞልቶ ፎልደር ውስጥ የተኛ ቅጽ ከሳምንት በኋላ የሌላ ሰው ቅጽ ነው። ክፉ ወሬ በስልክ ሲመጣ ጠይቁ፣ ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ ጠይቁ፣ ከአልጋው ሳይነገር ጠፍቶ ሲገኝ ጠይቁ፣ በሚወጣበት ቀን ጠይቁ፣ ለቀናት ሲጨነቅ ቆይቶ ድንገት ሰላም ሲሆንም ጠይቁ። መድኃኒት ሲቀየርም እንዲሁ። ሃሎፔሪዶል ተጀምሮለት መቀመጥ አቅቶት ኮሪደሩን የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ሕመሙ አይደለም፤ መድኃኒቱ የፈጠረው የእግር እረፍት ማጣት ሊሆን ይችላል፣ ሰውን ከቆዳው ውስጥ ልውጣ ያሰኘዋል። ያኔ መጠኑን መጨመር ሳይሆን ሐኪም መጥራት ነው።

ስለ ርክክብ መጽሐፉ አንድ ነገር። «ታካሚው የተረጋጋ ነው፣ ስጋት የለም» የሚለውን እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይሰጠውም። አሁን የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«አልጋ 7። ማታ 2 ሰዓት ተጠይቋል፣ ወንድሙ ውጭ ሆኖ። ተኝቼ በቀረሁ ይላል። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም ብሏል። ዕቅድ የለም። ድምፅ አይሰማውም። ከእህቱ ጋር በስልክ ካወራ በኋላ ይከፋዋል። አልጋው ወደ ነርስ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተዛውሯል። ሌሊት 8 ሰዓትና ሊነጋ ሲል ይጠየቅ። ዱካው ከአልጋው አጠገብ አለ።»